የጃርሳው ግፊት

እኔ እያየሁ የማላይ ሰው ነኝ። ይህን ከመጀመሪያው የምናዘዘው በኋላ «እንዴት አላየኸውም?» ብላችሁ እንዳታፋጥጡኝ ነው። ዓይኔ ጤነኛ ነው። ክፍል ውስጥ ከኋላ ወንበር የሚኮርጀውን ተማሪ ጥርት አድርጌ አየዋለሁ፤ ግን ስሙን ልጠራ አፌን ስከፍት በመስኮቱ በኩል ጭላሎ ተራራ ደመናውን ሲከናነብ አያለሁ፣ በዚያው ሄጄ እቀራለሁ። ልጁም ተረጋግቶ ይጨርሳል። የጂኦግራፊ አስተማሪ በመሆኔ ተራራ ማየት ሥራዬ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ተማሪዎቼ ግን ፊታቸው ቆሜ እያለሁ «ቲቸር ሄደ» ይባባላሉ።

ከጎጃም ወደ አሰላ ስመደብ ለሁለት ዓመት ብዬ ነበር የመጣሁት። ጫልቱን አገባሁና አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ከጫልቱ ጋር አባቷን ኦቦ ገመዳን አገኘሁ፤ የሳጉሬ ሰው ናቸው። ከኦቦ ገመዳ ጋር ደግሞ መኪናቸውን አገኘሁ። ከጫልቱ በዕድሜ የሚበልጥ የጭነት መኪና ነው። ቀለሙ ድሮ ሰማያዊ ነበር ይባላል። በዚያ አገር በእርሱ ጀርባ ያልተጓዘ የስንዴ ዘር ያለ አይመስለኝም።

ከዓመት በፊት ሐኪም ኦቦ ገመዳን «ደም ግፊትዎ ከፍ ብሏል፤ ከእንግዲህ መሪ መጨበጥ የለም» አላቸው። ሰውዬው ታዛዥ ናቸው፤ መንዳቱን ተዉት። ነገር ግን በየማለዳው ተነሥተው ሞተሩን ያስነሣሉ፣ ጆሯቸውን አዘንብለው ያዳምጡታል፣ አቧራውን በጨርቅ ይጠርጋሉ፣ ያጠፉታል። ቁርስ የሚቀርብላቸው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቀን ከጫልቱ ጋር እዚያ አድረን ስነሣ፣ ሞተሩ እየሠራ እርሳቸው ኮፈኑ ላይ እጃቸውን ጥለው ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመው አየኋቸው። የጸሎት ሰዓት መስሎኝ ባርኔጣዬን አወለቅሁ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ኦሮምኛ እየተማርኩ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እየተማርኩ ነው። አርባ የሚሆን ቃል አለኝ፤ አንዷን ባወቅሁ ቁጥር የሚሰማኝ ኩራት ግን የመዝገበ ቃላት ነው። ከአርባዎቹ አንዷ «ጃርሳ» ናት፣ ሽማግሌ ማለት ነው። መኪናውን በገዛ ሥልጣኔ «ጃርሳው» ብዬ ሰየምኩት። በቤተሰቡ ዘንድ ግን ጃርሳ ሲባል ኦቦ ገመዳ ናቸው። ይህን አላውቅም ነበር ብል ውሸት ይሆንብኛል። አውቅ ነበር፤ በሚያስፈልግበት ሰዓት ብቻ አልመጣልኝም።

አሰላ የሚኖሩት የኦቦ ገመዳ እህት አዴ ሽቱ ናቸው። በቤተ ክርስቲያናቸው የሴቶች ጸሎት ኅብረት መሪ፣ በቤተሰቡ ደግሞ የቀረው ነገር ሁሉ መሪ ናቸው። «ያ መኪና እዚያ ግቢ እስካለ ወንድሜ አንድ ቀን ተደብቆ ይነዳውና መሪው ላይ ይሞትብኛል» ብለው ገዢ አፈላለጉ። ገዢው ከዴራ ተገኘ። ቅዳሜ አሰላ መጥቶ ያየዋል፤ ሞተሩ ጤነኛ ከሆነ ያን ዕለት ይዞት ይሄዳል፣ እንከን ካለበት ደግሞ ዞር ብሎ አያየውም። ኦቦ ገመዳ ምን አሉ? ምንም አላሉም። እኛም ዝምታን እሺታ ነው ብለን ተረጎምነው፣ እንደሚመቸን።

መኪናውን ከሳጉሬ አሰላ የማድረሱ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። አትሳቁ፤ የሦስተኛ መንጃ ፈቃድ አለኝ። አባቴ «አስተማሪነት ባያዋጣህ» ብሎ አስወጥቶኝ ነበር። ቅዳሜ ማለዳ ኦቦ ገመዳ አብረውኝ ሊመጡ ተነጋግረን ነበር። ደርሼ ኮታቸውን እንዲለብሱ ብጠብቅ አልለበሱም።

«ሂድ አንተ» አሉኝ ቁልፉን እየሰጡኝ። «እኔ ቀብር አልሄድም።»

ቁልፉን በሁለት እጄ ተቀብዬ ወጣሁ።

በኅዳር ማለዳ ከሳጉሬ ወደ አሰላ የነዳ ሰው ይፈርድልኛል። ጉሙ ገና መሬቱን አልለቀቀም። ከግራም ከቀኝም ስንዴው ወርቅ መስሎ ቆሟል፣ ነፋሱ ሲነካው ከዳር እስከ ዳር ይተኛና ይነሣል። ጃርሳው ከሥሬ ያንጎራጉራል፣ ወንበሩ ያወዛውዘኛል፣ የስንዴውን ሽታ በተሰበረው መስኮት በኩል እየሳብኩ የትም የማልደርስ፣ የትም መድረስ የማይጠበቅብኝ ሰው መሰለኝ። ልጅ ሆኜ በጣና ላይ በታንኳ የሄድኩበት ቀን ትዝ አለኝ። ከዚያ ጡረታ ወጣሁ። ከዚያ እዚህ ስንዴ መሐል አንዲት ቤት ሠራሁ፣ በሩን ወደ ምሥራቅ አደረግሁት። ጫልቱ ወደ ምዕራብ ይሁን አለችኝና በሐሳቤ ውስጥ መጨቃጨቅ ጀመርን። የተጣላነው መጋረጃው ላይ ስንደርስ ነው። በንዴት ዓይኔን ከመጋረጃው አነሣሁና ዳሽቦርዱ ላይ አሳረፍኩት።

የዘይት ግፊት የሚያሳየው መርፌ ዜሮ ላይ ተጋድሟል።

ለማያውቅ ልንገር። ዘይት ሞተሩ ውስጥ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ፓምፑ ገፍቶ በየመገጣጠሚያው ማድረስ አለበት። ግፊቱ ከጠፋ ብረት ከብረት ጋር ደረቁን ይፋተግና ሞተሩ ይጣበቃል። መካኒኮች «ነከሰ» ይሉታል። የነከሰ ሞተር ደግሞ እንደነከሰ ውሻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚወደው የለም።

ዳር ይዤ አጠፋሁት። መርፌው መቼ ወደቀ? አሁን ነው? መጋረጃው ላይ ሳለን ነው? ታንኳው ላይ? ከሳጉሬ ስነሣ ጀምሮ ዜሮ ቢሆንስ ማን ያውቃል? ማወቅ የነበረብኝማ እኔ ነበርኩ።

ወረድኩና ምርመራ ጀመርኩ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስቤ በመሐረቤ ጠረግሁ፣ መልሼ ከተትኩ፣ እንደገና ሳብኩ። ዘይቱ ልክ ነው። ከሥር ገብቼ ብመለከት አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላለች። በጣቴ ነካሁና አሸተትኩ፣ ምንም አይሸትም። ቀመስኩት። ጤዛ ነበር። እውቀቴ በዚህ አለቀ።

አሰላ ለሚገኘው መካኒክ ለጋሽ መርጋ ደወልኩ። «እንዳትነካው። መጣሁ» ብለው ዘጉ፤ ቁጥብ ሰው ናቸው። ቀጥዬ አዴ ሽቱ ገዢውን ይዘው እየጠበቁ ነውና ለእርሳቸው ደወልኩ። በዚያ ዳገት ላይ ኔትወርክ ይመጣል፣ ይሄዳል። ያወራነውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ቤተሰቡ በየበዓሉ እያስደገመኝ እንዴት ልረሳው?

«አዴ ሽቱ፣ እንዳይደነግጡ። የጃርሳው ግፊት ወርዷል።»

«ምን?»

«ግፊቱ! ዜሮ ገብቷል። መንገድ ዳር ነን።»

«ያ ዋቃዮ! ድምፅ አለው?»

«የለውም። አጥፍቼዋለሁ።»

«ምን አደረግኸው?»

«አጠፋሁት! ባላጠፋው እኮ ይነክስ ነበር።»

ከወዲያ በኩል የሆነ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ፤ በኋላ እንደተረዳሁት ድስት ነው። እኔ ግን ሰውን ማረጋጋት እችልበታለሁ ብዬ ስለማምን ቀጠልኩ።

«አይጨነቁ፣ ጋሽ መርጋ መጥተው ይከፍቱትና ያዩታል። ካልሆነ በገመድ አስረን እንጎትተዋለን።»

መሥመሩ ተቋረጠ። ነገሩን በሚገባ ያስረዳሁ መስሎኝ ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። ፀሐይዋ ሞቅ ብላለች። ስንዴው ዳር ጃኬቴን አንጥፌ ጋደም አልኩ፣ ለአፍታ ብቻ። ኦቦ ገመዳ በሕልሜ መጡና ጆሯቸውን ደረቴ ላይ አድርገው ያዳምጡኝ ጀመር። «ይሠራል» አሉ። «ግን የት እንዳለ አያውቅም።»

የቀሰቀሰኝ መዝሙር ነው። ዓይኔን ስገልጥ ከስንዴው በላይ ነጠላ የለበሱ ሴቶች ቆመው በቀስታ ይዘምራሉ፣ ጉሙ ከኋላቸው ወደ ሰማይ እየተነሣ ነው። ሞቻለሁ አልኩ። ደስ የሚል ነበር። መንግሥተ ሰማያት በሳጉሬ መንገድ በኩል መሆኑም ብዙ አልገረመኝም፤ እጠረጥር ነበር። የገረመኝ አዴ ሽቱ እዚያም መሪ መሆናቸው ነው።

«የት አስተኛኸው?» አሉኝ፣ ድምፃቸው በለቅሶ ተዘግቶ።

«ማንን?»

«ጃርሳውን ነዋ!»

«እዚያው ነው» አልኩ በጣቴ እያሳየሁ። «አላንቀሳቀስኩትም።»

ጋቢናውን ከፈቱ፣ ባዶ ነው። ከኋላ መጫኛው ላይ ሸራ ለብሶ የተጋደመ ነገር አለ። አዴ ሽቱ ሸራውን አዩና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ፣ ሁለት ሴቶች ደገፏቸው። መዝሙሩ ከፍ አለ። ሚኒባስ ሞልተው ነው የመጡት፤ የጸሎት ኅብረቱ፣ የግፊት መለኪያ የያዘች ነርስ፣ መኪናውም ሰውዬውም ባንድ ቀን የተበላሹ መስሏቸው የመሣሪያ ሳጥናቸውን ያቀፉት ጋሽ መርጋ፣ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ያደረገው የዴራው ገዢ ሳይቀር። ሰውዬው መኪና ሊያይ መጥቶ ባለመኪናውን ሊቀብር መሳፈሩ ጨዋነቱን ያሳያል። አንዷ ሴት እየጸለየች ሸራውን ገለጠች። ትርፍ ጎማ ነው።

ያኔ ገባኝ። ላስረዳ አፌን ስከፍት ከሳጉሬ በኩል የፈረስ ጋሪ እየጋለበ መጥቶ አጠገባችን ቆመ። ኦቦ ገመዳ ወረዱ። ለካ አዴ ሽቱ ለኦቦ ገመዳ ጎረቤቶች ደውለው መርዶውን አሰምተው ኖሯል።

«ሞተሃል አሉኝ» አሉ ኦቦ ገመዳ ሁላችንንም እያዩ። «የት አጋደማችሁኝ?»

የሆነውን አልዘረዝርም። እልልታ ነበር፣ ለቅሶ ነበር፣ አዴ ሽቱ ወንድማቸውን አቅፈው ጀርባቸውን ይደበድቧቸው ነበር። እኔን የሚደበድብ ባለመኖሩ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። የምስጋና ጸሎቱ ሲያልቅ ነርሷ፣ ከእኔ አገር የተመደበች ቆፍጣና ልጅ፣ «ከመጣሁ አይቀር» ብላ ኦቦ ገመዳን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ክንዳቸውን ጠቀለለች። ግፊታቸው ከፍ ብሏል። ተቆጣቻቸው። ከዚያ አንዲት ሴት «እስቲ እኔንም» አለች። ሌላዋ ተከተለች። የሚኒባሱ ሾፌር ወረደ፣ ባለጋሪው እጅጌውን ሰበሰበ፣ ገዢውም ተሰለፈ። በነፃ የተገኘ ምርመራ ነውና ከስንዴው ውስጥ ሁለት አጫጆች ማጭዳቸውን እንደያዙ መጥተው ተራ ያዙ።

ጃርሳው ዘንድ የቀረነው ጋሽ መርጋና እኔ ብቻ ነን። ዘንጉን እኔ እንዳደረግሁት ሳቡና ዘይቱን በሁለት ጣታቸው መሐል አሹት። «አልቀጠነም» አሉ። አሸተቱት። «ነዳጅም ውሃም አልገባበትም።»

«ታዲያ መርፌው?»

«መርፌ ምስክር ነው። ምስክር ደግሞ ይዋሻል።»

የሞተሩን ግፊት ለመርፌው የምታሳውቅ፣ አውራ ጣት የምታክል ዕቃ በሞተሩ ጎን ላይ አለች። እርሷን ፈትተው በቦታዋ የራሳቸውን መለኪያ ከነቱቦው አሰሩ። እንግዲህ በመሐል የሚያወራ የለም፤ መለኪያው ከሞተሩ ጋር ፊት ለፊት ይነጋገራል። «አስነሣ» አሉኝ። አስነሣሁት። የመለኪያው መርፌ ብድግ ብሎ ከመሐል በላይ ቆመ። ሞተሩ እስኪሞቅ ጠበቅን፣ ዝቅ አለ እንጂ አልወደቀም። ጋዝ ስሰጠው ደግሞ ተመልሶ ወጣ።

«ይሄ ግፊት የወጣት ነው» አሉ ጋሽ መርጋ። «እኔም የለኝ።»

ሞተሩን አስጠፉኝ። መለኪያቸውን ፈቱና ዕቃዋን ቦታዋ መለሱ። ከዚያ ከእርሷ ወደ ዳሽቦርዱ የሚሄደውን ሽቦ በጣታቸው እየተከተሉ ሄዱና ቆሙ። ሽቦው አልተበጠሰም፣ አልተቃጠለምም። መሐል ላይ ካለው መገጣጠሚያ ተነቅሏል። ጫፉ በፕላስተር ተጠቅልሏል፣ በላዩ ላይ ደግሞ በሲባጎ ታስሯል። ሲባጎው ሦስት ጊዜ ዞሮ፣ ከሥር ሾልኮ፣ ወደ ላይ የተጠበቀ ቋጠሮ ነው።

ያንን ቋጠሮ አውቀዋለሁ። በየዓመቱ ከሳጉሬ ቤታችን የሚላከው የስንዴ ጆንያ አፉ የሚታሰረው እንዲያ ነው። እንዲያ የሚያስር አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እኔ ልፈታው አልችልም፣ ሁልጊዜ በቢላዋ ነው የምቆርጠው። ጋሽ መርጋም አወቁት። ከአርባ ዓመት በላይ ጓደኛሞች ናቸው።

ቀና ብዬ ኦቦ ገመዳን ፈለግሁ። ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጡ እጅጌያቸው ገና አልወረደም። የሚያዩት እኔን ነው። ልክ እንደ ተያዘ ተማሪ፣ ግን እንደ ተማሪ አልተቅለሰለሱም። አፈርኩ። እርሳቸው ይህን በማድረጋቸው አይደለም፤ በዚህ ሁሉ ስብሰባ፣ በዚህ ሁሉ ምክር ውስጥ አንድም ቀን «አንተስ ምን ትላለህ?» ብሎ የጠየቃቸው ሰው አለመኖሩ ነው ያሳፈረኝ። እኔም አልጠየቅሁም። አማች ነኝ ባይ፣ ቁልፍ ተቀባይ። ሽቦዋን ለመመለስ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከሁለት ደቂቃ በኋላ መኪናው ዴራ ይሄዳል፣ ከነገ ጀምሮ ደግሞ እኚህ ሰው ማለዳ የሚነሡበት ነገር የላቸውም።

ገዢው እጅጌውን እየቆለፈ መጣ። «ግፊቴ መልካም ነው» አለ ደስ ብሎት። «የእርሱስ?»

ጋሽ መርጋ ዲያቆን ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌዎች ፊት ቆመው የማሉ ሰው ናቸው፣ አይዋሹም። ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ሞተሩ ላይ ደገፍ ያልኩ መስዬ መዳፌን ሽቦዋ ላይ አሳረፍኩ። ሞተሩ ግሎ ነበር። አቃጠለኝ፣ ግን አላነሣሁትም።

«ውጣና መርፌውን ራስህ እየው» አሉት ጋሽ መርጋ።

ገዢው ጋቢና ወጣ፣ አስነሣ፣ አጎንብሶ አየ። «ኧረ ዜሮ ነው!»

«ዜሮ ነው የሚያሳየው» አሉ ጋሽ መርጋ። በዚህ ውስጥ አንድም የውሸት ቃል የለም፤ ብዙ ጊዜ አገላብጬ አይቼዋለሁ።

ገዢው በትሕትና ተሰናብቶ ሚኒባስ ውስጥ ገባ። አዴ ሽቱ ሊቆጡ አሰቡ፣ ይታይባቸዋል። ግን ሬሳውን ሊያነሡ የመጡለት ወንድም አጠገባቸው ቆሞ እጅጌውን እያወረደ ነው። አንዴ ወንድማቸውን፣ አንዴ መኪናውን አዩ። «በቃ ይቁም» አሉ። «የሞተ መኪና ማንንም አይገድልም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና «አንተ ደግሞ» አሉኝ፣ «ከእንግዲህ በአማርኛ ብቻ ደውል።»

ጋሽ መርጋ «ቀስ ብሎ ሳጉሬ ይደርሳል» ብለው ፈረዱ። ሚኒባሱ ወደ አሰላ፣ እኛ ወደ ሳጉሬ ዞርን። ኦቦ ገመዳ ከጎኔ ተቀመጡ፤ በዚያ መኪና ውስጥ ከመሪው በስተቀኝ ሲቀመጡ ያየሁት ያኔ ነው። ጉሙ ጠፍቷል፣ ስንዴው በፀሐይ ያብረቀርቃል። የተቃጠለውን መዳፌን መሪው ላይ እያየሁ በሐሳቤ ወደዚያች ቤት ልመለስ ስል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መርፌውን ያየኸው የት ስትደርስ ነው?»

«እዚያው፣ የቆምኩበት።»

«ከሳጉሬ እስከዚያ ድረስ አላየኸውም?»

«አላየሁትም።»

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ትከሻቸው ሲነቃነቅ የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥሁ። ሲስቁ ነው።

«እኔ እኮ» አሉ ዓይናቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ፣ «ቁልፉን እንዳዞርክ ታየዋለህ ብዬ ነበር። ከግቢ ሳይወጣ ይመለሳል ብዬ በሩን ሳልዘጋ ቆምኩ።»

«ይቅርታ አባባ» አልኩ።

«ምንም አይደል» አሉኝ። «ስትዘገይብኝ በርጩማ አወጣሁ።»